የውሃ ልክ

ከአሞራ ገደል ዳር፥ ከዓሣ ገበያው ጀርባ
አንድ ዘንግ ቆሟል፥ ቁጥር የተቀባ።
ማንም አያስተውለውም፤ ጀልባ ያስሩበታል፣
አባ ኮዳ ጠግቦ አጠገቡ ያንቀላፋል።
እኔ ግን በየቀኑ፥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ሱሪዬን ሰብስቤ፥ ሲውጠኝ ደለሉ፣
አጎንብሼ አንብቤ፣
በእርሳስ መዝግቤ፦
«አንድ ሜትር ከሠላሳ ሰባት። ነፋስ የለም።»
ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አላየሁም በዓለም።

ቡሪሶ ዓሣውን ከመረብ እያላቀቀ፣
«ዛሬስ ጨመረ ወይ?» ይለኛል እየሣቀ።
«ሁለት ሳንቲ ሜትር» ስለው ጊዜ በኩራት፣
የእኔ ሥራ ይመስል ያዘነበው ሌሊት፣
«ምን ታደርጊዋለሽ ይህን ሁሉ ቁጥር?
አይጠበስ፥ አይቀቀል፥ ሕፃን አያሳድር!»

እውነቱን ነው። ግን ደግሞ
ጥቁር ውሃ ሞልቶ ዳር ዳሩ ሲነፋ፣
የሰው በቆሎ ማሳ በአንድ ሌሊት ሳይጠፋ፣
ያቺ የእርሳስ ቁጥር በር ታንኳኳ ነበር፤
«ውሃ መጣ፥ ተነሡ» ብላ በየሰፈር።

ደብዳቤው ሰኞ መጣ፤ ማኅተም አለበት።
«የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ክፍል ኃላፊነት»፣
ደሞዝ እጥፍ ከግማሽ፥ የቤት አበል፥ መኪና።
ከተማው ድሬዳዋ።
                ድሬዳዋ እኮ ደኅና…
ድሬዳዋ ውብ ነው፥ ሰዉም ፍቅር ያውቃል፤
ወንዙ ግን አሸዋ ነው። በአሸዋ ምን ዘንግ ይጸድቃል?
ዓመቱን ሙሉ ደርቆ፥ ግመል ሲያሻግር ኖሮ፣
አንድ ሌሊት ይመጣል ከተራራው ዞሮ፣
ሰው ከነአልጋው ሊወስድ።
የፈለጉት ለዚህ ነው፣
ሐይቅ ዳር ያደገ፥ ዝምታ የሚሰማ ጆሮ።

እሺ ስል ድምፄ ምንም አልተንቀጠቀጠ፤
ማታ ነው፥ ሻንጣ ስገዛ፥ ጉልበቴ የቀለጠ።

ደግሞ የዚች ከተማ የማልለካው ነገር፦
ጉሬዛ ሳሙናዬን ከመስኮት ሰርቆ ሲሰወር፣
በዝናብ ቀን ባጃጁ «ነገ ትከፍያለሽ» ብሎኝ ሲበር፣
ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ሐይቁ ዳር ሲደረደር፣
ለከተማው ጀርባ፥ ለውሃው ፊት ሰጥቶ…
ማን መዘገበው ይህን? የትኛው ፎርም ላይ ሞልቶ?

ኬክ አስጋገሩልኝ፤ ስሜን ጋጋሪው ስቶ
«መልካም መንገድ ስምት» ይላል፥ አንድ ፊደል ጠፍቶ።
«ረ»ዋን ማን በላት እያልን ስንሥቅ፣
ሒሳብ ሹሙ ተካልኝ፥ ለሰው እንዳይታወቅ፣
መነጽሩን ያብሳል።
መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

ዛሬ መጨረሻ። ብዙነሽን ይዤ
ጎህ ሲቀድ ወረድኩኝ፥ በሁለት ልብ ናውዤ።
አዲስ ናት። ጫማዋን ለማውለቅ አፈረች፤
ጭቃው ጣቷን ሲይዛት ግን እንደ ልጅ ጮኸች።
«ከሩቅ አታንብቢ፤ ሞገድ ሰው ያታልላል፤
ትንፋሽሽን ያዢና ጠብቂው፥ ይረጋል።
ሲረጋ ብቻ ጻፊ።»
ለእሷ ነበር ያልኩት። ለማን እንዳልኩት እንጃ።

ጎንበስ አለች፥ አየች፥ ከንፈሯ ተላወሰ፦
«አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት።»
                ደገመች። አልቀነሰ።
ለወጉ እንኳ አንዲት ጣት፥ እንዲያው ለይሉኝታ፣
ሐይቁ አልጎደለልኝም በስንብቴ ለታ።

ቡሪሶ ከጀልባው ጮኸ፥ «ዛሬስ ጨመረ ወይ?»
ልመልስ አፌን ስከፍት፥ ዓይኑ ያለው ወደ እሷ፤
«ጨምሯል» አለችው፥ ቀና ብሎ ራሷ።

ሻሸመኔን ስናልፍ፥ እጄን ኪሴ ብከት፣
ያቺ የመዝገቡ እርሳስ፥ በጥርሴ የነከስኳት።
ብዙነሽ ነገ ጠዋት በምን ትጽፋለች?
ቁመቷ ትንሽ ጣት ነው።
ለአሸዋ ትበቃለች።